ከጠፈጠፍ በታች

የጣራዬ የመጨረሻው ሳንቃ ተወርውሮ መንገዱ ላይ ሲያርፍ የሠረገላ ነጂዬ የሳክሮ በሬዎች ደነበሩ።

«ቀስ እንጂ ሴትዮ!» አለ ሳክሮ ቀንበሩን በሁለት እጁ እየያዘ። «እነዚህ አንዴ ከሮጡ ኒኬር ወንዝ ሳይገቡ አይቆሙም።»

«አንተስ ወይን ሳታይ መች ትቆማለህ?» አልኩት።

«ወይን ቢሆንማ ጥሩ ነበር። አንቺ ጋ የምቆመው ውሃ ሲጠማኝ ነው።»

ጣራው ላይ የነበሩት ሁለቱ ወታደሮች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሠላሳ ዓመት የኖርኩበት ቤት የጎድን አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ሰማይ ሲገባበት ቆሞ ከማየት መሳቅ ይቀላል።

የፍልሰቱ ሦስተኛ ቀን ነበር። ቄሣር ድንበሩን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምሥራቅ ገፍቶታል። ጦሩ ቀድሞ ሄዶ አዲሱን ምሽግ እየገነባ ነው፤ የቀድሞው ምሽግ ባዶ ሆኗል፤ በሮቹ ሳይቀሩ ተነቅለዋል። በምሽጉ ደጃፍ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የምንኖረውም እንድንከተል ታዘናል። ወይን ሻጩ፣ ቀጥቃጩ፣ ጫማ ሰፊው፣ በሰፈር ሚስት ተብለው በሕግ ግን ሚስት ያልሆኑት የወታደር ሴቶች፣ ሁላችንም። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ሠረገላ ተሰጥቶታል። ቤቱን አፍርሶ እንጨቱን ጭኖ መውጣት ነው። የቀትር መለከት ከተነፋ በኋላ የቀረውን የኋላ ዘቦች በእሳት ይለቁበታል፤ ከድንበር ማዶ ያሉት መጥተው እንዳይሰፍሩበት።

ትልቁን በርሜል ጫንኩ። የነሐስ ማጥለያዬን፣ ሁለቱን ገበታዎች፣ በጭስ የደረቀውን የአሳማ ጭን ጫንኩ። የምንለማመናቸውን የሦስቱን እናት አማልክት የሸክላ ምስል በገለባ ጠቅልዬ በዱቄት ጆንያ መካከል አስቀመጥኩ። ባሌ የተቀበረው በመንገዱ ዳር ነው፤ ድንጋይ አለው፤ ማለዳ ሄጄ ነበር። ያልኩትን ብያለሁ።

በመንገዱ ላይ አንድ ቤት ብቻ ጣራው አልተነካም። የጎረቤቴ የሴኖቫራ ቤት ነው። ሠረገላዋ ደጃፏ ላይ ባዶውን ቆሟል፤ ነጂው ከሥሩ ተኝቶ ያንኮራፋል። አማቷ ኤኒካ በረንዳው ላይ ቆማለች፤ በአንድ እጇ የዶሮ ቅርጫት ይዛ በሌላው ግድግዳውን ትደበድባለች።

«ውጪ! ሴኖቫራ! ፀሐዩን አታዪም? ሰው ሁሉ ጭኖ ጨረሰ፤ አንቺ እንደ እንቁራሪት ጭቃ ላይ ተቀምጠሻል!»



«ማቱጌና!» አለችኝ እኔን ስታይ። «አንቺን ትሰማ እንደሆን ንገሪያት። እኔ ጉሮሮዬ ደረቀ።»

በእኔና በሴኖቫራ ቤት መካከል ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍበት ቀጭን ስፍራ አለ። የሁለታችንም ጣራ ጠፈጠፍ የሚወርደው እዚያ ነው። ስንት ዓመት ተጣልተንበታል፤ የአንቺ ውሃ ግድግዳዬን አበሰበሰው፣ የለም ያንቺ ነው እየተባባልን። ጠፈጠፉ የሚያርፍበት መሬት ጠጠሩ ታጥቦ እንደ ዶሮ እንቁላል ነጥቷል። ሴኖቫራ እዚያ ጠጠር ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። በላይዋ በእኔ በኩል ሰማይ ነው፤ በእሷ በኩል ጣራው አለ። ራሷን ወደ ጣራው ጥላ አስጠግታለች።

ልጇ ቪንዶ ከዚያ ጠጠር በታች ነው ያለው።

ጥርስ ሳያወጣ የሞተ ልጅ እሳት አይሰጠውም፤ እንደ አዋቂ ሬሳ ተቃጥሎ አመዱ አይቀበርም። በመንገድ ዳር ከአዋቂዎቹ ጋር ቦታ የለውም፤ ድንጋይ አይቆምለትም፤ እናቱም ጸጉሯን አትፈታም፤ ድምፅ አውጥታ አታለቅስም። ከቤቱ ጠፈጠፍ በታች ይቀበራል፤ እንዲህ ሲሆን ከጣራው ሥር ሳይወጣ ቀረ እንላለን። ከዚያ እናቱ እንጀራዋን ትጋግራለች፤ ውሃዋን ትቀዳለች። በሰባት ወሩ ባለፈው ክረምት ሲሞት አባቱ ሉኮ ተራራው ላይ ባለው የጥበቃ ማማ ተረኛ ነበር። ሲወርድ ልጁ ተቀብሮ ስድስት ቀን ሆኖታል። ወደ ቤት ገባ፤ ሾርባውን ጠጣ፤ ወጥቶ ጠጠሩን አየና ተመለሰ። ያደረገው ይኼን ብቻ ነው።

«ሴኖቫራ» አልኳት። ጎኔን አዙሬ ገባሁ።

«እትዬ፣ አይልፉ። እግርዎ ሥር ነው።»

ቆምኩ።

«ጣራው ሲነሳ ምን ይሆናል?» አለች። ድምፅዋ የሚለምን አልነበረም፤ የገበያ ዋጋ የምትጠይቅ ይመስል ነበር። «ቤቱ አመድ ከሆነ ከምን በታች ነው የሚሆነው? አሳማ ይቆፍረዋል። የማዶ ሰዎች ያርሱበታል።»

«ጉድጓዱ ጥልቅ ነው» አልኩ። ጥልቅ አልነበረም። እኔው ነኝ ከእሷ ጋር የቆፈርኩት፤ መሬቱ በረዶ ይዞት ክንድ ያህል ብቻ ነው የወረድነው።

«ይዤው እሄዳለሁ። ካልሆነ እዚሁ ነኝ። እሳት ይለቁበት።»

ከመንገዱ በኩል የኤኒካ ድምፅ መጣ። ጠባቡ ውስጥ መግባት ስላልቻለች አፉ ላይ ቆማ ነበር።

«ይዤው እሄዳለሁ! ሰማሽ ማቱጌና? መቃብር የከፈተ እጅ የት እንደሚሄድ ታውቃለች? ተፈርዶበት ወደ ማዕድን ጉድጓድ ነው! ልጄ ሃያ ሦስት ዓመት አገልግሏል። ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ሁለት! የነሐስ ሰሌዳውን ተቀብሎ ዜጋ ሊሆን፣ እሷም በሕግ ሚስት ልትሆን፣ ወደፊት የምትወልደው ሁሉ የዜጋ ልጅ ሊባል ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ቤተሰቡ መቃብር ቆፍሮ አጥንት ሰረቀ ይባል?»

«ማንም አይናገርም እማማ» አለች ሴኖቫራ።

«የጫማ ሰፊው ሚስት እያለች? እሷ ዝም የምትለው አፏ ውስጥ ሚስማር ስትይዝ ብቻ ነው!»

«እንግዲያውስ እርስዎ ይሂዱ።»

ኤኒካ የዶሮ ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀመጠች። በሌላ ድምፅ፣ «እኔ አራት ቀብሬያለሁ» አለች። «በአራት ምሽግ፣ በአራት ቤት ጠፈጠፍ ሥር። እናቴ ወገኖቻችን ከመጡበት ከባሕር ማዶው ደሴት ስትመጣ በጀርባዋ አዝላኝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጦሩ በሄደበት ሄጃለሁ። ከአራቱ የትኛውን ተሸክሜ መጣሁ? ትተሽ ትሄጃለሽ። እግርሽ ይሄዳል፤ ሌላው በኋላ ይደርሳል።»

«ደረሰ?» አለች ሴኖቫራ።

ኤኒካ ጎንበስ ብላ የዶሮ ቅርጫቱን መልሳ አነሳች።

ያን ጊዜ ነው የኋላ ዘቦቹ አለቃ የመጣው፤ አምሳ አለቃ ጌኒያሊስ። የባለ ሚስማር ጫማው ድምፅ ባዶው መንገድ ላይ ከሩቅ ይሰማል። ጠጉሩ የሸበተ፣ ጉልበቱ የሚያመው ሰው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የእኔ ደንበኛ ነበር፤ ምስር በሽንኩርት ይወዳል፤ ሲሰክር ስለ እናቱ ፍየሎች ያወራል።

«ይኼ ቤት ለምንድን ነው የቆመው?» አለ። «ማቱጌና፣ ምን አለ እዚያ ጠባቡ ውስጥ? ወይን ደብቀሽ ነው?»

«ወጥቼ ልንገርዎ አምሳ አለቃ።»

ወጣሁ። ኤኒካ ክንዴን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። አትንገሪው ማለቷ ነው። ግን የሚነገር ሌላ ነገር አልነበረም፤ ፀሐዩ ከምሽጉ ማማ በላይ ወጥቷል። ነገርኩት። ልጁን፣ ጠጠሩን፣ እናቲቱ ሳትይዘው እንደማትነሳ። ጌኒያሊስ የራስ ቁሩን አወለቀና ግንባሩን ጠረገ።

«አልሰማሁሽም ብል ይሻላል።»

«ሰምተውኛል።»

«መቃብር ነው እኮ ማቱጌና። መቃብር ለመንካት ከሞጎንቲያኩም ከተማ ከአገረ ገዢው ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤ ሃያ ቀን ይፈጃል፤ እኔ ያለኝ የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ነው። በጉልበት ላስነሳት እችላለሁ። ሁለት ሰው ይበቃል።»

«እርስዎ ራስዎ ያነሷታል?»

 መሬት መሬት አየ።

ያኔ አፌ ከሐሳቤ ቀደመ። «መቃብር ነው ያለው ማነው?» አልኩ። «እሳት ተደረገለት? ድንጋይ ቆመለት? እናቱ ጸጉሯን ፈታች? ያን ቀን ላልቅስ ስትል፣ ይኼ ሙት አይደለም፣ ሕጉ አያውቀውም አልናት። ዝም በይ አልናት። ዝም አለች። ዛሬ ልውሰደው ስትል ደግሞ መቃብር ነው እንበላት? ሲለቀስለት ሙት ካልሆነ፣ ሲነሳ ከየት ሙት ሆነ?»

ሳክሮ ከበሬዎቹ በኩል፣ «እሷን ማነው ጠበቃ ያደረጋት?» ብሎ አጉረመረመ። ማንም አልሳቀም።

ጌኒያሊስ ብዙ አሰበ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ጥርስ አላወጣም ነበር?» አለ።

«ምን አሉ?»

«ጥርስ ካላወጣ፣ ያልሽው ልክ ነው። መቃብር አይደለም፤ የቤቱ ነው፤ እንደ ምድጃ ድንጋይ ከቤቱ ጋር ይነሳል። ማንም ቢከስ የምመልሰው አለኝ። ጥርስ ካወጣ ግን ሙት ነው፤ እሳትም ድንጋይም ይገባው ነበር ማለት ነው፤ እኔም ማስነካት አልችልም። ማነው አጥቦ የቀበረው?»

ኤኒካ ወደ እኔ አየች። ሴኖቫራ ከጠባቡ አፍ ላይ ብቅ ብላ ቆማ ነበር፤ እሷም ወደ እኔ አየች።

ያጠብኩት እኔ ነኝ። በሰፈሩ ውስጥ የሚወለደውንም የሚሞተውንም የማጥበው እኔ ነኝ። ያን ለሊት በሞቀ ውሃ ጨርቅ ነክሬ አፉን ስጠርግ ጣቴ የታችኛው ድድ ላይ አንድ ነገር ነካ። የስንዴ ቅንጣት የምታህል፣ ገና ቆዳውን የቀደደች። አንዲት ጥርስ። ቀና ስል ሴኖቫራ እያየችኝ ነበር። ውጪ ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ይወርዳል፤ የማገዶው ክምር ውሃ ጠጥቷል። በእንደዚያ ዓይነት ቀን የተደረገ እሳት ምን እንደሚተው አውቃለሁ። የባሌን ሬሳ ያቃጠልኩት በዝናብ ነው፤ ግማሹን ብቻ ነው እሳቱ የበላው። ስለዚህ ጣቴን አወጣሁና ደጃፍ ላይ ለሚጠብቁት፣ «የለውም» አልኩ። ሴኖቫራ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

«እኔ ነኝ ያጠብኩት» አልኩት ለጌኒያሊስ። «የለውም ነበር።»

«ትምያለሽ?»

«በማን?»

«በቄሣር መንፈስና በልጆችሽ። በምስክር ፊት። ቃሉን እጽፈዋለሁ። ነገ አንድ አፈኛ ተነስቶ ቢከስ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።» ዓይኖቹን ከእኔ አሸሸ። «አዝናለሁ። ግን ባዶ እጄን አልቆምም።»

በልጆችሽ አለ። አንዲት ልጅ አለችኝ። ባሏን ተከትላ አዲሱ ሰፈር ሄዳለች፤ የስምንት ወር እርጉዝ ናት። እንዲህ ያለው መሐላ ውሸት ሲሆን የት እንደሚያርፍ ሁላችንም እናውቃለን። እጄን ላነሳ ፈለግሁ። እጄ ከበደኝ። ሴኖቫራ አየችኝ፤ ስለ ልጄም ታውቃለች፤ ራሷን አንዴ በአሉታ ነቀነቀች። ይቅርብዎ ማለቷ ነበር።

«ደግሞ ከማን ነው መሐላ የምትቀበለው አንተ!» አለች ኤኒካ።

ሁላችንም ዞርን።

«ከወይን ሻጭ? ግማሽ በርሜል ውሃ እየጨመረች ንጹሕ የተራራ ወይን ነው ብላ በቀን አሥር ጊዜ ከምትምል ሴት? አንተንስ ስንት ጊዜ አታለለችህ? መሐላዋን ጻፍና ለመቶ አለቃው ላክለት፤ በሳቅ ይሞታል!»

«እማማ ኤኒካ» አልኩ።

«ዝም በይ አንቺ። ያጠበችው እሷ ናት፤ ያበላሁት ግን እኔ ነኝ። አያቱ ነኝ። ከአምስተኛ ወሩ ጀምሮ ገንፎ በጣቴ ያጎረስኩት እኔ ነኝ። አፉን ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ ማነው? እኔ እምላለሁ።»

ጌኒያሊስ፣ «እንግዲያውስ በቄሣርና በልጅዎ...» ብሎ ጀመረ።

«ልጄን ተወው። ልጄ የቄሣር ወታደር ነው፤ እሱን አልነካም። በራሴ ነው የምምለው።»

ወደ ቤቱ ገባች፤ እኛም ተከተልናት። ምድጃው ቀዝቅዟል፤ የተጠረገ ነው። ጎንበስ ብላ መዳፏን የምድጃው ድንጋይ ላይ አደረገች። ስትጎነበስ ወገቧ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«እኔ ኤኒካ» አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ ሳክሮም፣ ወታደሮቹም፣ ከወዲያ በኩል አንገቷን ያሰገገችው የጫማ ሰፊው ሚስትም እንዲሰሙ። «የልጅ ልጄ ቪንዶ ጥርስ ሳያወጣ ሞተ። ውሸት ከተናገርኩ፣ ስሞት ማንም ዓይኔን አይክደን። እሳት አይሰጠኝ። አጥንቴን የሚለቅም እጅ አይገኝ። የእድሬ ሰዎች ስሜን ይርሱት፤ ማደሪያ አጥቼ በድንበር ላይ ልንከራተት። በእኔ ብቻ፤ ከእኔ በኋላ በማንም ላይ አይሁን።»

 ኤኒካ ለቀብር ማኅበሩ ከእኛ ሁሉ በላይ ታማኝ ነበረች፤ አንድም ስብሰባ ቀርታ አታውቅም። የመጨረሻ ልብሷ በሣጥን ውስጥ ታጥፎ ነበር፤ አመዷ የሚገባበትን ማሰሮ ራሷ መርጣ ገዝታለች፤ እንግዳ ሲመጣ እንደ ጌጥ ታሳየው ነበር።

«ይኼ እኔ ከጠየቅሁት ይከብዳል» አለ ጌኒያሊስ።

«እንግዲያውስ አትቀንሰው። ጻፍ።»

ጻፈ። የሰም ሰሌዳውን ሲዘጋ ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ «ምን ታያላችሁ? ጣራው ላይ ውጡ!» ብሎ ጮኸ። «የቻላችሁትን አውርዱ!»

እኔ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ።  አሮጊቷ የማለችው እኔን አምና ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ በአንዲት ክረምት ለሊት በተናገርኩት ቃል ላይ ቆማ፣ እውነት መስሏት፣ ያላትን አንድ ነገር፣ መቃብሯን አስያዘች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ጌኒያሊስ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ዘጋሁት።

ሴኖቫራ ግን ወዲያው ጠባቡ ውስጥ ተመልሳ ገብታ ነበር። አካፋዬን ሰጠኋት፤ አልወሰደችውም። በእጇ ጠጠሩን አንድ በአንድ አነሳች፤ በቀሚሷ ጫፍ ሰበሰበችው። ከዚያ አፈሩን። ያን ክረምት ከምሽጉ መታጠቢያ ቤት ፍርስራሽ ሁለት ጎባጣ የጣራ ሸክላ ለምኜ ነበር፤ አንዱን ከታች፣ አንዱን ከላይ አድርገን በመካከሉ ነው ያስተኛነው። ሸክላው ወጣ። አልተሰበረም። ጫፍ ለጫፍ እንደገጠመ ነበር።

«አይከፈት» አለ ጌኒያሊስ ከኋላችን። ጀርባውን ሰጥቶን ነበር የቆመው።

አልከፈትነውም። የውሃ ጉድጓዴን ገመድ አምጥቼ ሁለቱን ሸክላ አንድ ላይ በሦስት ቦታ አሰርኩ። ሴኖቫራ ተቀበለችኝ። አቀፈችው ማለት እችላለሁ፤ ግን እንደ ሕፃን አልነበረም፤ ከብዶ የሚጠበቅ ነገር እንደሚታቀፍ ነበር።

መለከቱ ሲነፋ የጣራዋ ግማሽ እንኳ አልወረደም። ወታደሮቹ የጠርዙን ሳንቃዎችና ሁለት ወጋግራዎች አውርደው ነበር፤ በሩን፣ አልጋውን፣ የኤኒካን ሣጥን ጫኑ። ሌላው ቀረ። ሴኖቫራ ወደኋላ አላየችም። እኔ ግን አየሁ፤ አንድ ወጣት ዘብ በችቦ በረንዳው ሥር ገብቶ ሲወጣ። እንጨቱ ደረቅ ነበር። ያ ሁሉ የክረምት ዝናብ ከላዩ ላይ ወርዶ ከውስጥ ደረቅ መሆኑ ገረመኝ።

ሁለቱ ሠረገላዎች ተከታትለው ወጡ። ሴኖቫራ የእኔ ሠረገላ ላይ ከዱቄቱ ጆንያ ጎን ተቀመጠች፤ የራሷ ሠረገላ ወጋግራ ስለሞላው። ከኋላችን ቀጥቃጩ፣ ከእሱ ኋላ ጫማ ሰፊውና ሚስቱ ነበሩ። ኤኒካና እኔ በእግራችን ከሠረገላው ጎን እንሄዳለን፤ እሷ የጎኑን አግዳሚ ይዛ። ድንጋዮቹን፣ የመንገድ ዳር ሙታንን ሁሉ አለፍን። የባሌን ሳልፍ ፍጥነቴን አልቀነስኩም።

ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ፣ ወታደሮቹ ርቀው ሳለ፣ አሁን ነው የምነግራት አልኩ።

«እማማ ኤኒካ፣ ያ መሐላ...»

«እግርሽን እያየሽ ሂጂ» አለችኝ። «ጉድጓድ አለ።»

«እርስዎ የማያውቁት ነገር አለ። ያን ለሊት እኔ...»

«አውቃለሁ ምን እንዳልሽ። ደጃፍ ቆሜ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ሴኖቫራ ቀና አለች። አግዳሚውን በሁለት እጇ ያዘች። ሠረገላው እየሄደ ስለሆነ ለመራመድም ለመናገርም አስቸገራት።

«ነክሶኝ ነበር» አለች።

ሴኖቫራ ቁልቁል አየቻት።

«ሊሞት አምስት ቀን ሲቀረው። ገንፎ በጣቴ ሳጎርሰው ነከሰኝ፤ ትንሽ ናት፤ ግን አሳመመችኝ። ሳቀብኝ ደግሞ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺም። ሉኮ ከማማው ሲወርድ ራሱ ያግኛት ብዬ። ጣቱን ይሰጠዋል፣ ይነከሳል፣ እኔ አላውቅም ነበር እላለሁ፣ እንስቃለን ብዬ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ከዚያ ታመመ። ከዚያ ይቺ ወይን ሻጭ የለውም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ውጪ ዝናብ ነበር።»

በሬዎቹ ይሄዳሉ። የሴኖቫራ እጆች ገመዱ ላይ ነበሩ።

«እንግዲያው ያ መሐላ...» አለች። 

«እሱ የእኔ ጉዳይ ነው። አርጅቻለሁ፤ አጥንቴ ቀድሞም ለቀማ አይመችም።» ኤኒካ አንድ እጇን ከአግዳሚው አንስታ ወደ ላይ ዘረጋች፤ እስከ ሴኖቫራ ጉልበት ብቻ ደረሰላት፤ እዚያው ላይ አሳረፈችው። «ስሚኝ። ጥርስ ላወጣ ሰው ይለቀሳል። ወጉ ነው። ዘጠኝ ወር ከለከልኩሽ። አልቅሺ አሁን።»

ሴኖቫራ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ እጇን ወደ ማጅራቷ አንስታ የጸጉሯን መያዣ አወጣችና ጣለችው። ጸጉሯ ፊቷ ላይ፣ ሸክላው ላይ ወረደ። ድምፁ ሲወጣ የእሷ አልመሰለኝም፤ ከታች፣ ከሠረገላው መንኩራኩር የመጣ መስሎኝ ነበር። ስሙን ጠራች። ደግማ ጠራችው። ኤኒካም ከታች ሆና ትቀበላት ጀመር፤ በደሴቱ ቋንቋ፤ በሰፈራችን ለአዋቂ ሙት እንደሚባለው።

ሳክሮ ደንግጦ ዞረ። «ምን ሆነች? ወደቀች?»

«ልጇ ሞቶባት ነው» አልኩት።

ልጁ ቀድሞ መሞቱን ሰምቷል፤ ለምን አሁን ብሎ ግን አልጠየቀኝም። የካባውን ቆብ ከራሱ ላይ አወረደና፣ በሬዎቹን በዳገቱ አናት ላይ አቆማቸው። ከኋላችን ቀጥቃጩ አቆመ። ከእሱ ኋላ ያለው ሠረገላም ቆመ። የጫማ ሰፊው ሚስት ከሠረገላዋ ወርዳ መጣች፤ አንድ ቃል ሳትናገር ከኤኒካ ጎን ቆመችና ሻሿን ፈታች።